የውሰት በቅሎ

ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመች ሴት ጉትቻዋን አውልቃ በመሐረቧ ቋጠረች። በእጇ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዛለች። ለምን እንዳወለቀችው አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን፣ ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ ወባ ይዞኝ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ። ትንሽ ሲሻለኝ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስጠብቅ፣ ኦቦ ቶለራ የሚባል ገበሬ ሚስቱን አደ ሎሚቱን በበቅሎ አስቀምጦ ከጊዳ አያና መጣ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ አስተኛት፤ ፔኒሲሊን አዘዘላት። መርፌው ግን የሂሳብ ሹሙ ሳይፈርም ከመድኃኒት ክፍል አይወጣም። ለድኻ የተሰጠ መድኃኒት ዋጋውን ለሆስፒታሉ የሚተካው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነበርና።

ሹሙ ኦሮምኛ ስለማይሰማ እኔ አስተረጎምኩ። ቶለራ ከአገሩ ያመጣውን ባለማኅተም የድኽነት ማስረጃ አቀረበ። ሹሙ አነበበና በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። በቅሎዋ እንደ ሀብታም በቅሎ ቀይ ግላስ ለብሳ ቆማለች።

«ወረቀቱ ድኻ ነው ይላል፤ በቅሎዋ አይደለም ትላለች። ማንን ልመን?»

«ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ የጎረቤት ናት። ሰው ሁሉ አረም ላይ ሆኖ ቃሬዛ የሚሸከም ጠፋ።»

«የለበስከው ቡልኮስ?»

«እሱም የጎረቤት ነው። ከተማ እንዳይንቁህ ብለው አለበሱኝ።»

ሹሙ ሳቀ። «በቅሎዋ ውሰት፣ ቡልኮው ውሰት፤ ድኽነቱ ብቻ ነው የራስህ?»

በቅሎዋ የሌላ ሰው መሆኗን የሚመሰክር ባለማኅተም ወረቀት እንዲያመጣ አዘዘው። ቶለራ እንደወጣ ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለፈው ለአንድ ባለበቅሎ ፈርሜ ግምጃ ቤት አልተካም፤ ከደመወዜ ቆረጡት» አለኝ። የዋሸ አልመሰለኝም።

ቶለራ በዚያችው በቅሎ ወደ ጊዳ አያና ተመለሰ። ሎሚቱን ልጠይቃት ስሄድ ጎረቤቶቿ ለስንቅ የሰጧትን የገብስ ጭኮ ወደ እኔ ገፋች። ቅቤው ይሸታል፤ እሷ መዋጥ አቅቷታል።

«አንተ ብላው፣ ልጄ። በሰው ጫንቃ ብመጣ ኖሮ ያምኑን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች።

ቶለራ ሲመለስ ከበረንዳው አየሁት። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ በእግሩ ነበር የመጣው፤ ቡልኮውም የለም። እንደገና እንዳይጠረጥሩት በቅሎዋን ለባለቤቷ መልሶ ነው። ደርሼ ሳልነግረው ሂሳብ ክፍል ገባ። ሹሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ በመስኮትም ተመለከተ።

«አሁን ተስተካከለ» ብሎ ፈረመ።

ቶለራ ፊርማውን ይዞ ወደ ሴቶች ክፍል ሮጠ። አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታ ነበር።

ባለጉትቻዋ ሴት መድኃኒቷን ተቀብላ ወጣች። ከበሩ ውጭ ግራና ቀኝ አይታ ጉትቻዋን ስታጠልቅ አየኋት። ወረቀት መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ወረቀቱን መስሎ መቅረብም ያስፈልጋል። እሷ ይህን ከማን እንደተማረች አላውቅም። ቶለራ ግን የተማረው በሚስቱ ሕይወት ነው።