ለመኪናችን ትልቅ ፖምፓ የተገጠመ ዕለት

በዚያ ረቡዕ ፍኖተ ሰላም ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ባለቤቴ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የመኪናዋ የግማሽ ባለቤት። መኪናዋን የሚነዳው የመጀመሪያ ልጄ። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ያላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን። ከቡሬ የመጣው መካኒክ። እኔ። ስድስት ሰው ነን፤ ሰባተኛ አልነበረም።

አስቀድሜ የምቆጥረው ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር ነው። ከስድስታችን አንዱ ለደረሰው ነገር ጥፋተኛ ተብሎ ስሙ ጠፋ፤ እንጀራውም በዚያው ተዘጋ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለ ሞተር የማውቀው ከወንዶቹ አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ስለዚህ የማላውቀውን አልጨምርም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር። ባለቤቴና ወንድሙ በሬ ሸጠው፣ በርበሬ ሸጠው አንዲት አሮጌ ነጭ ፒካፕ ገዙ። ለሽንዲ ሱቆች ጨውና ሳሙና ታደርሳለች፣ ስትመለስ በቆሎና በርበሬ ትጭናለች። ሜዳው ላይ ደህና ነበረች። ዳገት ሲገጥማት ግን ጥቁር ጢስ እየተፋች ትቆማለች፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋታል። ሾፌሮቹ ልጄን መሳቂያ አደረጉት። «ያንተዋ ዳገት ላይ ሱባኤ ትገባለች» ይሉታል። እሱ ማታ እራት ሳይበላ ይተኛል።

እኔ ግን መድከሟን እወደው ነበር። የደከመች መኪና ገደል አትገባም ብዬ። ልጄ ከቤት ሲወጣ የሞተሩን ድምፅ እስኪጠፋ አዳምጣለሁ። ከዚያ ሥራ እጀምርና እተወዋለሁ፤ እህል ለቀማ እቀመጥና እነሳለሁ፤ በር ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ሴት፣ እግርሽ ላይ ጉንዳን አለ ወይ?» ይለኛል።

የመኪናዋ ሕመም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ማርጀቱና ማነሱ ነው ተባለ። ልጄ ይህን የሰማው ቡሬ ላይ ካገኘው መካኒክ ነው። ሰውየው በወታደር ቤት ጋራዥ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ጦሩ ሲበተን ያለ ሥራ የቀረ ነው። አገሩ ወሎ ነው። ቡሬ ውስጥ በነቀምቴ መውጫ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከተማው ገና አላመነውም ነበር። ከትልቅ ሞተር የወጣ ጠንካራ ፖምፓ እንዳለውና ለእኛ መኪና ሊያስተካክለው እንደሚችል ለልጄ ነገረው። «ይቺ መኪና ጭነት ይዛ ሽንዲ ደርሳ ከተመለሰች ሰው ሁሉ ሥራዬን ያያል» አለው። ለእሱ ነገሩ ይህ ነበር።

ረቡዕ በጠዋት መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፏ የለም። መፍቻዎቹን በንጹህ ጆንያ ላይ በየመጠናቸው ደረደራቸው። የባለቤቴ ወንድም ከአጠገቡ አልተነሱም።

«ጠመንጃ የፈታ እጅ ደግሞ ፖምፓ ይገጥማል?» አሉት።

እሱ አንገቱን ከሞተሩ ሳያወጣ «ጋሼ፣ ጠመንጃውም የሚፈታውና የሚገጠመው በዚሁ እጅ ነበር» አላቸው።

ባለ ወፍጮው ሽማግሌ ሳቁ። «ተቀበሉ እንግዲህ! ፈልገው ነው ያገኙት።»

እኔ ውኃ ላቀብል፣ ጨርቅ ላቀብል እያልኩ ስገባ ስወጣ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ አላስችል አለኝና ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ይህ ነገር ፍጥነት ይጨምራል?»

«የሚጨምረው ጉልበት ነው፣ እትዬ። ፍጥነቱ በልጅዎ እግር ነው።»

«እግሩንማ አውቀዋለሁ! በአሥር ወሩ ነው ሮጦ ምድጃ የገባው።»

ሁሉም ሳቁ፣ ልጄም ሳቀ። መካኒኩ ግን አልሳቀም። ፊቴን አየት አደረገና «ጉልበት ሲጨመር ፍሬኑም መታየት አለበት» ብሎ ማንም ሳያዝዘው ከመኪናዋ ሥር ተኛ። አራቱንም ጎማ ዞሮ ፍሬኑን አጠበቀው። ይህን ያደረገው ለእኔ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል።

ፖምፓው ከተገጠመ በኋላ ናፍጣውን በነጭ ጨርቅ እያጠለለ ራሱ ሞላው። «ይህ እንደ ድሮው አይደለም» አለ ለልጄ፤ «ጠብታ ውኃ ከገባበት ይሞታል።» የናፍጣው መክደኛ ድሮ የጠፋ ስለነበር አፉ በጎማና በላስቲክ ተሸፍኖ በገመድ ይታሰራል። ያንንም ራሱ አሰረው። እኔ ቆሜ እሰማ ነበር። አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ሞተሩ ሲነሣ ዶሮዎቹ በአጥር ዘለሉ። የልጄ ፊት እንደ ሠርገኛ አበራ። እኔ ግን ሮጬ ገብቼ የሚካኤልን ጠበል በጠርሙስ አወጣሁና የሞተሩን ክዳን እረጭ ጀመር።

«እማ፣ የታመመው ሆዷ ነው። ጸጉሯን ምን ታጥቢያታለሽ?» አለኝ ልጄ።

ወንዶቹ እንደገና ሳቁ። ነገሩ ግን ውስጤ ገባ። እውነቱን ነው አልኩ። ሆዱን የታመመ ሰው ጠበል ይጠጣል እንጂ ልብሱ ላይ ተረጭቶለት ብቻ አይሄድም።

ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ አቅርቤላቸው ሊበሉ ገቡ። እኔ ወጣሁ። ገመዱን ፈታሁ፣ ላስቲኩን አነሣሁ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ሦስት ጊዜ አፈሰስኩ። ግማሽ ጠርሙስ ይሆናል። ውኃ ይገድለዋል ማለቱን አልረሳሁም። ግን ጠበል ውኃ ነው ብዬ አላሰብኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠበልን ውኃ ብሎ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። መልሼ አሰርኩትና እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተረጋጋሁ፤ በዚያ ቀን የተረጋጋሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጨውና ሳሙናው ተጭኖ ልጄ፣ የባለቤቴ ወንድምና መካኒኩ ወደ ሽንዲ ተነሡ። ባለቤቴና ባለ ወፍጮው ቀሩ። ድምፁን እስኪጠፋ አዳመጥኩ። መረጋጋቴም አብሮ ሄደ። መንገድ ዳር ወጥቼ ከቡሬ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በእጄ ማስቆም ጀመርኩ። አንዱ ሾፌር «ተሳፋሪ ነሽ ወይስ ትራፊክ?» ብሎ ሰድቦኝ አለፈ። በአራተኛው ላይ አንድ ረዳት አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ማንኩሳን አልፎ ዳገቱ ላይ አንዲት ነጭ ፒካፕ ቦይ ገብታለች።»

«ሰውስ?»

«ሰው አለ። ቆሟል።»

ስንት ሰው ነው የቆመው? ሳልጠይቀው ሄደ። ባለቤቴ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ እዚያው መንገድ ዳር ሦስቱን ሰዎች በጣቶቼ ስቆጥር ነበር።

የሆነው ይህ ነው። እስከ ማንኩሳ እንደ ንሥር በረረች። ዳገቱ ግማሽ ላይ ማንኮራፋት ጀመረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ጭነቷን እንደያዘች ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላዋ ገደል ነበር። ልጄ ፍሬኑን ረገጠ፤ ፍሬኑ ያዘለትና ወደ ቦዩ ጠምዝዞ አስገባት። የባለቤቴ ወንድም ግን ፈርተው ዘለው ኖሮ ክንዳቸው ተሰበረ። የማንኩሳ ገበሬዎች በሁለት ጥማድ በሬ መኪናዋን ከቦዩ አወጧት። ልጄ ጭረት እንኳ አልነካውም።

በእሑዱ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀመጡ። አንዱ ባለ ወፍጮው ነበሩ። መካኒኩ ማንም ሳይጎትተው በራሱ እግር ከቡሬ መጣ። ከመኪናዋ ሥር የናፍጣ መያዣውን መውረጃ ቡሎን ፈትቶ በብርጭቆ ቀዳና መሬት ላይ አኖረው። ጥቂት ቆይቶ ናፍጣው ከላይ፣ ውኃው ከታች ሆኖ ተለየ።

«ውኃ ነው» አሉ ባለ ወፍጮው። «ናፍጣውን ማን ሞላ?»

«እኔ።»

«ማን አጠለለ?»

«እኔ።»

«አፉን ማን አሰረ?»

ወደ መኪናዋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ገመዱን በጣቱ ዳሰሰ። «ያሰርኩትስ እኔ ነበርኩ» አለ። «ይህ ቋጠሮ ግን የእኔ አይደለም።»

«ደግሞ ቋጠሮ ይመስክርልህ!» አሉ የባለቤቴ ወንድም፣ ክንዳቸውን በወጌሻ ቀርከሃ ታስረው።

እኔ ለሽማግሌዎቹ ዳቦ በጨርቅ ቋጥሬ ይዤ ቆሜ ነበር። መካኒኩ ዞር ሲል ዓይኑ ጨርቁ ላይ ዐረፈ፤ የቋጠርኩበት ላይ። እናቴ ያስተማረችኝ አቋጣጠር ነው፤ ሌላ አላውቅም። ከዚያ ፊቴን አየኝ። የምናገር መስሎት ጠበቀኝ። አልተናገርኩም። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለና «እንግዲህ ያጠለልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን በእኔ አድርጉት» አላቸው።

ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ካለ፣ እኔም ስጠይቀው የኖርኩት ነው። የባለቤቴን ወንድም ፈራሁ፤ ክንዳቸውን የሰበርኩት እኔ ነኝ ማለት ከበደኝ። ደግሞ ጠበሉን መክሰስ መሰለኝ። ጠበል መኪና አጠፋ ቢባል ማን ይሰማኛል፣ ምን ይሉኛል አልኩ። እነዚህ ግን ምክንያቶች ናቸው። ሰውየው ልጄን በፍሬኑ አትርፎልኝ፣ እኔ ግን ዝም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ የድካሙን ሳያገኝ ፖምፓውን ይዞ እንዲሄድ ፈረዱ። ፖምፓውን በጆንያ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ወጣ። በሩ ላይ «ደህና ይሁኑ፣ እትዬ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። በሳምንቶች ውስጥ ወሬው ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ደረሰ። «ያ ወታደር የነካው መኪና ገደል ይሰዳል» ይባላል። ገበያ ላይ ስሰማው ዘንቢሌን ጥዬ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ።

«ጠበል ለሰው ነው፣ ልጄ። ለናፍጣ ማን አዘዘሽ?» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡና «ይህ ለእኔ ነግረሽኝ አያልቅም። ለሰውየው ንገሪው» አሉ።

በነጋታው ቡሬ ሄድኩ። ክፍሉ ባዶ ነበር። አከራይ ሴትዮዋ «የሚሠራለት መኪና የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ ዕቃውን በጆንያ አስሮ ዓባይን ተሻገረ» አሉኝ። ከሄደ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ያን ማታ ለባለቤቴ፣ ለወንድሙና ለልጄ ነገርኳቸው። የባለቤቴ ወንድም «ክንዴን የሰበርሽው አንቺ ነሽ?» አሉ። «አዎ፣ አያ» አልኩ። እስከ ፋሲካ ቤታችን አልረገጡም፤ ከዚያ መጡ። ለባለ ወፍጮውም ራሴ ሄጄ ነገርኩ፤ ገበያ ላይ ለሰው እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው፣ ተናገሩም። ሰውየው ግን ይህን ለመስማት አልነበረም። ልጄ ሁለት ጊዜ እስከ ነቀምቴ ወርዶ በየጋራዡ ጠይቋል። አንዱ አየሁት ይላል፣ ሌላው ወደ አሶሳ አለፈ ይላል። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

በዚያ መንገድ የምትነዱ፣ ወይም ጋራዥ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። ረጅም ነው፣ ወሎዬ ነው፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፏ የለም፤ አሁን ሸምግሎ ይሆናል። በሕይወት አለ? ሥራ አለው? ይህን ብቻ ላኩብኝ፤ ያለበትን ካወቅሁ የምሄደው እኔ ነኝ።