ሐጂ ማካው

ኑሩ መካ አልሄደም። ይህ ከመጀመሪያው ይነገር። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሐበሻ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ይረሳዋል።

ኑሩ ሴንተር ስትሪት ላይ ባለ የቻይና ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል። የዓለም ላብ አደር ሊተባበር ቀጠሮ ከያዘ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ኑሩ ግን እስካሁን የተባበረው ከመጥበሻ ጋር ነው። ሥራ ሲሄድ ሱፍ ይለብሳል፤ ሳህን ሲያጥብ ከረባቱን ወደ ትከሻው ይወረውራል። ክፉ ሰው አይደለም። ጀምሮ የጨረሰው ነገር ግን የለም። መንጃ ፈቃድ ጀምሮ ትቷል፣ የማታ ትምህርት ጀምሮ ትቷል፣ ሪዝ እንኳ ጀምሮ ትቷል።

አንድ ያልተወው ነገር ሩቂያ ናት። ሩቂያ ዶቨር የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ግን ያልሞተባት ሴት ናት። ኑሩ ፋልከንሪጅ ሰፈር አብሯቸው ሬንት የሚጋራቸውን ጋሼ በርሀን ሽማግሌ አድርጎ ላከባት። ጋሼ በርሀ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው የንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ያወጣው ስለሆነ ዳቦ ግዛልኝ ሲሉ እንኳ አዋጅ ይመስላል። ሩቂያ ሻይ አፍልታ አክብራ ሰማቻቸውና መልሷን ሰጠች።

"ጋሼ፣ ኑሩ በር ያለው ሜዳ ነው። ከፊት ሲያዩት ቪላ፤ ገፋ አድርገው ሲገቡ ነፋስ።"

ጋሼ በርሀ ቃሉን ሳይቀንሱ አደረሱለት። ዜና አይሸራርፉም።

ይሄ በሆነ በወሩ የቻይናዎቹ አዲስ ዓመት ገባና የምግብ ቤቱ ባለቤት ለሠራተኞቹ ዕጣ አወጣ። የሆንግ ኮንግ የጉብኝት ቲኬት ለሳህን አጣቢው ወጣ። ባለቤቱ ሚስተር ፎንግ እጁን ጨብጦ፣ "ጀልባ ተሳፍረህ ማካውንም እይ፤ የተወለድኩበት ከተማ ነው" አለው። ኑሩ ለማንም ስለ ማካው አልነገረም። የት እንዳለ እሱም አያውቅማ።

ማካው ሲደርስ ከሆቴሉ ፋልከንሪጅ ኮል አደረገ።

"ሃሎ! ጋሼ በርሀ! ኑሩ ነኝ!"

"የት ነህ አንተ?"

"ማካው ነው ያለሁት!"

መስመሩ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። በጋሼ በርሀ ጆሮ የገባው "መካ ነው ያለሁት" የሚል ነው።

"መካ? ከሆንግ ኮንግ ተነሥተህ?"

"አዎ፣ በጀልባ! አንድ ሰዓት ቢሆን ነው!"

"በጀልባ! ፈጣሪ ይቀበልህ ልጄ! ለእኛም ጸልይልን!"

ኑሩ ግራ ገባው። ግን ሰው ጸልይልኝ ሲል እምቢ አይባልምና "እሺ" ብሎ ዘጋ።

ጋሼ በርሀ ስልኩን ሳያስቀምጡ ዜናውን ለከተማው አደረሱ። "ከሆንግ ኮንግ መካ በጀልባ እንዴት ይደረሳል?" ያላቸውን "ሁለቱም እስያ አይደሉ?" ብለው አሳፈሩት። "ሐጅ እኮ በዚህ ወር አይደለም" ያላቸውን ደግሞ፣ እሳቸው ክርስቲያኑ፣ "ዑምራ ነው፤ ወር አይጠብቅም!" ብለው አፉን አስያዙት። ሰፊው ሕዝብም እንደ ልማዱ ከማጣራት ማጨብጨብ ቀለለውና አጨበጨበ።

ሐጂ የተባለው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ዶሮ ፊት ተቀምጧል። አስጎብኚዋ የሀገሩን ምግብ አዘዝኩለት ብላ በኮኮናትና በበርበሬ የተለወሰ ነገር አስቀርባለታለች፤ ስሙ አፍሪካን ቺክን ነው። ኑሩ ደሴ ተወልዶ፣ ሱዳን ተሰዶ፣ እንዲህ ያለ ዶሮ አይቶ አያውቅም። ፖርቱጋሎች ቅመሙን ከያዙት አገር ሁሉ ለቃቅመው፣ ቻይና መሬት ላይ ቀቅለው፣ ስሙን በአፍሪካ ላይ ለጠፉት። ቅኝ ገዢ ዶሮ ሲሠራም ቅኝ ገዢ ነው። ኑሩ ግን አጥንቱን ጋጠው።

ከዚያ ከተማውን አዞሩት። የመንገዱ ስም በሰማያዊ ሸክላ ላይ በፖርቱጋልኛም በቻይንኛም ተጽፏል፤ ኑሩ በሁለቱም አልገባውም። የባሕር እመቤት የሚሏት አምላክ ቤት ዕጣኑ እንደ ፍራሽ ሽቦ ተጠምልሎ ከጣራው ይንጠለጠላል። ኮረብታው ላይ ነጭ የመርከብ መብራት ቤት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የወፍ ጎጆ የሚመስል የቁማር ቤት፣ ወፎቹ በፈቃዳቸው የሚገቡበት። ሁሉንም አየ፤ ሁሉንም ፎቶ አነሣ።

በመጨረሻ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አወጡት። ከላይ አንድ የቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሟል። ዓምድ በዓምድ ላይ፣ መርከብ የተቀረጸበት፣ ዘንዶ የተቀረጸበት፣ ግርማው ሰው የሚያስጎነብስ። ኑሩ ደረጃውን እያለከለከ ጨርሶ በበሩ ገባ።

ሜዳ ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ ምንም የለም። ቀሪው ድሮ ተቃጥሏል አለችው አስጎብኚዋ፤ ሰው ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ይህን ፊት ለማየት ነው። ኑሩ በመስኮቱ ቀዳዳ ሰማዩን እያየ እንባው መጣ። የሩቂያ ነፋስ ከረባቱን አነሣው። "እኔን ነው የሠሩት" አለ በአማርኛ፣ ለማንም።

ካልጋሪ ሲመለስ ኤርፖርቱ በሐበሻ ተሞልቷል። ኑሩ ዞር ብሎ ማን ትልቅ ሰው ከኋላው እንደሚመጣ አየ። ማንም የለም። ሩቂያ ከሰው መሀል ወጥታ አንገቷን ሰበር አደረገች።

"ሐጂ ኑሩ፣ እንኳን አላህ በሰላም መለሰዎት።"

እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ያቺ "ዎት" የምትባል ነገር ግን ጆሮው ውስጥ እንደ ማር ገባች። አፉን ዘጋ። ይህ ሰው በሕይወቱ ጀምሮ ሊጨርሰው የተነሣው የመጀመሪያው ነገር ይህ ዝምታ ነው።

ያን ሳምንት ሁሉ ተጠየቀ። ሐቀኝነቱን ላለማስደፈር አንዲት ውሸት አልወጣችውም፤ እንዲህ ያለውን ንጽሕና ጠበቆች ያውቁታል።

"ሰዉ እንዴት ነው?"

"ሰው በሰው ነው።"

"ደከመህ?"

"ደረጃው ነው የገደለኝ።"

"የምን ደረጃ?"

"ግድግዳው ጋ የሚያወጣው። ስደርስ እንባዬ መጣ።"

ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፎቶውን ሲሉት "አልታጠበም" አላቸው። እሱም እውነት ነው፤ ፊልሙን ካልሲ ውስጥ ደብቆታል።

ከዚያ ሩቂያ ደወለች። "ሐጂ፣ ይቅርታ አስቸገርኩዎት። እናቴ ደሴ ታማለች። ወደ አገር የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ከመካ ያመጡት የዘምዘም ውሃ ካለ ትንሽ ይስጡኝ፤ እሱን ቀምሳ ብትሞትም አይቆጨኝም። ደግሞ... ጋሼ በርሀ ያን ጊዜ ያመጡትን ነገር፣ እንደገና ቢያመጡት መልሴ ሌላ ነው።"

ኑሩ ስልኩን አስቀምጦ ጋሼ በርሀ ፊት ወደቀና ሁሉንም ተናዘዘ። ጋሼ በርሀ አሰቡበት። ያሰቡት ስለ ሩቂያ እናት አይደለም።

"ማካው?"

"ማካው ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው አንተ በትክክል አልተናገርክም። እኔ ያስተላለፍኩትን ዜና አላስተባብልም። ከቧንቧው ቅዳላት። ውሃው የሚመጣበትን የቦው ወንዝንስ ማን ፈጠረው?"

"ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ! የታመመች ሴት ናት!"

"ታዲያ እኔ ነኝ በጀልባ መካ የሄድኩት?"

ኑሩ ጠርሙስ አጥቦ (ማጠብ ያውቅበታል) ከቧንቧው ቀዳ። በባቡርና በባስ ዶቨር ወረደ። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ መንገዱ ሁሉ የበረዶ ጭቃ ነው። በየፌርማታው "አሁን እነግራታለሁ" ይላል፤ በየፌርማታው ሩቂያ "ዎት" ትለዋለች።

በሩን ከፈተችለት። ጸጉሯን ሸፍናለች፤ ለጠርሙሱ ብላ። በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ ቢስሚላህ ብላ ከግንባሯ አስነካችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያኔ ኑሩ ጠርሙሱን ከእጇ ነጠቀ። ክዳኑን በጥርሱ ነቅሎ፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ እንደ ግመል እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጠው።

"ሐጂ!"

"ሐጂ አይደለሁም!" አለ ውሃው ትን እያለው። "የካልጋሪ ቧንቧ ነው! ማካው ነው የሄድኩት። ማ-ካ-ው! ቻይናና ፖርቱጋል ያሉበት! ጋሼ በርሀ ናቸው የሰሙት፤ እኔ ግን ነኝ ዝም ያልኩት።"

ሩቂያ አየችው። ውሃው ከአገጩ ከረባቱ ላይ ይንጠባጠባል።

"አንተ ባለጌ!"

ኑሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተሰማው። መሰደቡና ወደ "አንተ" መመለሱ። ሁለተኛው ለምን ደስ እንዳለው አልገባውም።

"ለእናቴ እኮ ነው! ይህን ውሃ ልትልክላት ነበር?"

"ልልክላት ነበር። አልቻልኩም።"

"ጨርሰህ የዋሸኸው ውሸት እንኳ የለህም ማለት ነው" አለችና፣ ሳታስበው፣ ሳቋ አመለጣት። መልሳ ተቆጣች። መልሳ ሳቀች። "ግባ፤ ጫማህን አውልቅ። ታዲያ ያ ያለቀስክበት ግድግዳ ምንድን ነው?"

ይህ ሁሉ ሕዝብ ሳምንት ሙሉ ሲጠይቀው፣ በእውነት ምን እንዳየ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ኑሩ ነገራት። መብራት ቤቱን፣ የዕጣኑን ሽቦ፣ አገሩ የማያውቀውን የአገሩን ዶሮ። በመጨረሻ ደረጃውንና ግድግዳውን።

"ከኋላው ምን አለ?"

"ምንም። ሜዳ ነው። በር ያለው ሜዳ።" አንገቱን ደፋ። "ያልሽው ትዝ አለኝ።"

ሩቂያ ቀና አለች። የእናቷ ፎቶ ከግድግዳው ያያታል። ተነሥታ ፎጣ አምጥታ ወረወረችለት።

"አገጭህን ጥረግ። ጋሼ በርሀን ደግሞ ላካቸው።"

"ለምን?"

"መጀመሪያ ዜናቸውን እዚህ ተቀምጠው ያስተባብሉ። ከዚያ የመጡበትን ይናገሩ።"

"ሩቂያ... ሜዳ ነው ብለሽ አልነበር?"

"ሜዳ እኮ ነው" አለች ሩቂያ፣ "ቤት የሚሠራበት።"