ሃያ አንድ ቀን

አስር አለቃ ደረሰ ቡሬ አጠገብ በነበረው ማሠልጠኛ ጣቢያ ለአራት ዓመት ምልምል አሠልጥኗል። መንግሥቱ ሲወድቅ ጣቢያው ተዘረፈ፤ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ ሳይቀር በየመንደሩ ገባ። ደረሰ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። እዚያው ንግሥቴን አግብቶ፣ በርበሬና በቆሎ እያመረተ አረጀ።

አጥር የሚጋሩት እማሆይ አልጣሽ ናቸው። አንድ ልጃቸው ተስፋው፣ በ1981 የመስቀል ማግሥት ከገበያ ታፍሶ እዚሁ ጣቢያ ገባ። ግራና ቀኝ ይምታታበት ስለነበር ደረሰ ቅልጥሙን በአርጩሜ እየመታ ነው ያሰለፈው። እናቱ ለጥቅምት ሚካኤል ስንቅ ይዘው ቢመጡ ልጁ ተጭኖ ሄዷል። በር ላይ የቆመው ደረሰ ነበር።

«ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል፤ ሥልጠናውን እዚያ ይጨርሳል» አላቸው።

ልጁ ከሰሜኑ ጦርነት አልተመለሰም። እማሆይ ግን በዚያች ቃል ተጽናኑ። ደረሰንም የልጃቸው አስተማሪ ነው ብለው አከበሩት፤ ሙት ዓመት ሲያወጡ ከቄሶቹ ቀጥሎ ያስቀምጡት ነበር።

ባለፈው መስከረም ወንዳወቅ የሚባል ወጣት የጣቢያውን ታሪክ ሊጽፍ መጣ። ሰዉ ደጀ ሰላም ተሰበሰበ። ደረሰ ኮቱን ለብሶ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ተኩስ ሜዳው ሲተርክ ቆየ።

«ሥልጠናው ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር?» አለ ወንዳወቅ።

«ስድስት ወር።»

እማሆይ ከሴቶቹ መሀል ድምፃቸውን አሰሙ። «አስር አለቃ፣ ተስፋውን የት እንዳስጨረሱት ንገረውና ይጻፍልኝ።»

ደረሰ ቀና ሲል ፈገግ ብለው ያዩታል።

«የትም አላስጨረሱትም፣ እማሆይ። ሃያ አንድ ቀን ነው የሠለጠነ። አምስት ጥይት ተኩሷል። ሥልጠናውን ጨርሷል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ወንዳወቅ ይዞት የመጣውን የጣቢያውን ወረቀት አገላበጠ። «ሰነዱ ስድስት ወር ስለሚል… እሱኑ ልጻፈው» አለና ጻፈ።

እማሆይ በምርኩዛቸው ተነሡ። «የተኮሰበትን አሳየኝ።»

ደረሰ ከፊት መራ። ተኩስ ሜዳው ዛሬ በቆሎ ነው፤ ሰው ይውጣል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ እማሆይ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ሊያነሣቸው ጎንበስ አለ።

«እጅህን እንዳታስነካኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ መሣሪያውን አውቆ፣ ራሱን ተከላክሎ ሞተ እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማሆይ።»

«ሂድ ከፊቴ።»

ሄደ። ንግሥቴን ልኮ አስነሣቸው። ከዚያ ወዲህ እማሆይ አጥሩ ሥር ሲያገኙት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ያልፋሉ። እሱም እስኪያልፉ ይቆማል።