ጀርባውን የሰጠ ቤት

በር ነበረኝ፤ ቤት አልነበረኝም። ሥራዬ ሰው ቤቱን ሲያፈርስ የሚወጣውን በር፣ መስኮትና ቆርቆሮ ገዝቼ፣ ጠጋግኜና ቀብቼ መሸጥ ነው። ዊንጌት አካባቢ ባለችው መደቤ ላይ የስንቱ ቤት በር ተደርድሮ ሲውል፣ እኔ ማታ የምገባው የሰው በር ከፍቼ ነበር። አከራዬ ኪራይ በጨመሩብኝ ቁጥር "አንተ እኮ ነጋዴ ነህ" ይሉኛል። ነጋዴነቴን ከእሳቸው በቀር ያወቀልኝ አልነበረም።

ቦታ መግዛት የማይታሰብ ነው። ባንክ ብሄድ መያዣ ይጠይቀኛል፤ መያዣው ደግሞ ቤት ነው። ቤት ለመሥራት መጀመሪያ ቤት ይኑርህ ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው መርካቶ ቢገባ የት በደረሰ። ስለዚህ ገንዘብ ያለውን ሰው ትቼ ግቢ ያለውን መፈለግ ጀመርኩ።

ቀጨኔ ዳገቱ ላይ መስኮት ሸጬላቸው የማውቃቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው አግብተው በየሰፈሩ ተበትነዋል። ካርታው በስማቸው የሆነ ግቢ አላቸው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ጎመንና አንድ የኮክ ዛፍ ብቻ ነው።

"እማማ፣" አልኳቸው፣ "እዚች ጥግ ላይ በራሴ ወጪ አንድ ክፍል ቤት ልሥራ። አምስት ዓመት ኪራዩን እኔ ልብላ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ የእርስዎ ነው።"

"ሌባ ነህ እንዴ?"

"ነጋዴ ነኝ።"

"እሱንማ መስኮቱን ስትሸጥልኝ አይቻለሁ።" ትንሽ አሰቡና፣ "እሺ። ብቻ ሰው አስገባልኝ፤ ሰው የሆነ ሰው" አሉ።

እኔ ይህን "ኪራይ የማያስቀር" ብዬ ተረጎምኩት። በኔ ሙያ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሁለት ጎረቤቶችን በሽማግሌነት አስቀምጠን ተዋዋልን። የወረዳው ፈቃድ እስኪወጣ የተመላለስኩትን አልተርክም፤ ጫማዬ ያውቀዋል። ከዚያ ያለኝ ሁሉ እዚያች ጥግ ገባ። ባህር ዛፉን ከእንጦጦ በአህያ አስወረድኩ፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር ራሴ ረገጥኩ፤ ቆርቆሮውና በሩ ከመደቤ ተነሱ፤ የደረሰኝ የእቁብ ብር ለሲሚንቶና ለሊሾው ሄደ። ሌላ ዕቃ የምገዛበት ስላልቀረኝ መደቤ ራቁቷን ቀረች። ቤቱ ክረምት ሳይገባ ካልተከራየ ንግዴም አብሮ ማብቃቱ ነበር።

አናጢው "በሩ ወዴት ይውጣ?" ሲለኝ አላመነታሁም። "ወደ መንገድ" አልኩት። ደላሎች በስልክ የሚጮኹትን የማያውቅ የለም፤ "መግቢያው ለብቻ ነው፣ ከአከራይ ጋር አይገናኙም" ከተባለ ዋጋው ወዲያው ከፍ ይላል፤ የያዝኩት ደላላም ዋጋውን ቆርጦ ነግሮኛል። እውነታቸውን ነው። ተከራይ ውሃ የሚቆጥርበትን፣ "እንግዳህ መቼ ነው የሚሄደው?" የሚለውን አከራይ መሸሽ ይፈልጋል። እኔ ራሴ ብሆን እከፍል ነበር። በግቢው በኩል ያለው ግድግዳ ድፍን ሆነ፤ መስኮት እንኳ አላወጣሁበትም።

ምርጊቱ የደረቀ ቀን ባልቴቷ ሊመርቁልን በሳህን ቆሎ ይዘው መጡ። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ።

"በሩስ? ምርጊቱ ሲደርቅ በዚህ በኩል የምትከፍተው መስሎኝ ነበር።"

"በመንገድ በኩል ነው፣ እማማ። ተከራዩ እንዳይረብሽዎት ብዬ።"

"ማን አትረብሹኝ አለ?"

እጃቸውን ከግድግዳው አነሱ።

"እኔ መሬቴን የሰጠሁህ ጠዋት ብቅ ስል እንደምን አደሩ የሚለኝ እንዲኖር ነው። አንተ ቤት ሠርተህ ጀርባውን ሰጠኸኝ። በል እንጨትህን ንቀልና ሂድ።"

ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ። አናጢው ከኋላ እያያቸው፣ "ቆሎውን እንኳ ቢተዉልን" አለ።

ውሉ ላይ ስለ በር አንድ ቃል አልተጻፈም። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ብቀርብ ሳልረታ አልቀርም ነበር። ግን ጭቃ ስንረግጥ የሰነበትንበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ባልቴቷ በየጠዋቱ ዱካቸውን ይዘው ይመጡና አጠገባችን ቁጭ ይላሉ። ጭዱ አነሰ፣ ጭቃው ቀጠነ፣ ያ እንጨት ጠማማ ነው እያሉ ይውላሉ። ዕቃ እንዳንሰርቅ የሚጠብቁን መስሎኝ ነበር።

"ድፈነው" አልኩት አናጢውን።

"ምኑን?"

"የመንገዱን በር። በግቢው በኩል ክፈት።"

"ደላላው ስንት እንዳለህ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም። ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ምታው።"

የመጥረቢያውን ድምፅ ሲሰሙ ባልቴቷ ወጡ። በረንዳቸው ላይ ቆመው በዓይናቸው ለካ ለካ አደረጉና፣ "ትንሽ ወደ ግራ፤ ከዚህ እንዲታየኝ" አሉ። ይቅርታ መሆኑ ነው። ቆሎውም ተመልሶ መጣ።

ደላላው ግን አዘነልኝ። "ወንድሜ፣ ከአከራይ ጋር ተፋጦ የሚኖር ማን ነው?" አለ። እውነትም የሚመጣው ሁሉ ቤቱን አይቶ ይወድና፣ ዞር ሲል ባልቴቷን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያያቸው "እደውላለሁ" ብሎ ይሄዳል። እንጦጦ ላይ ደመናው መክበድ ጀምሯል።

በመጨረሻ ባልና ሚስት መጡ። እሱ ታክሲ ይነዳል፤ እሷ ልብስ ትሰፋለች። ሚስትየዋ ስለ ውሃው ሳትጠይቅ፣ "እማማ፣ ብቻዎን ነው እንዴ የሚኖሩት?" አለች።

ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "የመድኃኔዓለም ልጅ ነሽ?"

"ጴንጤ ነኝ፣ እማማ።"

"ትዘምሪያለሽ?"

"እዘምራለሁ።"

"ድምፅሽ ደህና ከሆነ ምን ቸገረኝ።"

ደላላው ካለኝ ዋጋ በእጅጉ ወርጄ አከራየሁ። ያም ሆኖ በቅድሚያ በተቀበልኩት ኪራይ፣ ክረምቱ ሲገባ መደቤ ላይ እንደገና በሮች ቆመው ነበር።

በዓመቱ ኪራይ ዘገየብኝ። የአከራይ ፊት አጥልቄ ዳገቱን ወጣሁ። ዳገቱን እንዳጋመስኩ ሰው ሲስቅ እሰማለሁ፤ ግቢው በር ላይ ስደርስ ባልቴቷ እጄን ይዘው አቆሙኝ።

"ቀስ በል፤ ሕፃኑ አሁን ነው የተኛው።"

"ወለደች?"

"ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኗ። አንተ የት ታውቃለህ።"

"እማማ፣ የመጣሁት ኪራዩን..."

"ምን ኪራይ ትለኛለህ? ገንፎዋ ቅቤ አነሰው። በል ፈጠን ብለህ ና።"

ውሉ በአምስት ዓመት ቤቱ የእሳቸው ይሆናል ነበር የሚለው፤ እሳቸው ግን አልጠበቁም። ኪራይ ልቀበል የወጣሁትን ዳገት ቅቤ ልገዛ ወረድኩት። ባለሱቋ ለጋውን ነው በሳሉን ብትለኝ፣ "ደህናውን ስጪኝ፤ ለቤት ነው" አልኳት።