ብርድ ልብሱ ለቧንቧው ነበር

ጣሊያን መተማ ሊገባ ነው በተባለ ዕለት ማታ፣ እኔና ባለቤቴ ደምሴ ሰሊጣችንን በጎተራ፣ ዶሮዎቻችንን በቆጥ ትተን በጓሮ በኩል ወጣን። ኾር የምንለውን ደረቅ የክረምት ወንዝ ተሻግረን ሱዳን፣ ገላባት ስንደርስ የእንግሊዝ ዘበኛ በአረብኛ፣ "ምን ይዛችኋል?" አለን።

"ነፍሳችንን" አለው ደምሴ።

"እሷ ቀረጥ የለባትም፤ እለፉ" ብሎ ሳቀብን።

ካርቱም ላይ አንድ እንግሊዛዊ ሹም ደምሴን ወጥ ቤት፣ እኔን ሞግዚት አድርጎ ቀጠረን፤ አገሩ እንግሊዝ ሲገባም በመርከብ ይዞን ሄደ። ከጀርመን ጋር ጦርነት ሲጀመር ግን ቤቱን ዘግቶ "እግዜር ይርዳችሁ" አለን። ደምሴ ወደብ ላይ ከሰል መሸከም ጀመረ፤ የአንዲት ባልቴት ምድር ቤት ተከራየን። አከራይን እዚህ ላንድሌዲ ይሏታል።

ዘመዶቼ፣ ዊንተር የሚሉትን የብርድ ወራት ምን ብዬ ልንገራችሁ! እኛ በበጋ የኾሩን አሸዋ ቆፍረን ውሃ እንለምናለን። እዚህ ውሃው ቧንቧ ውስጥ እንደሞላ ድንጋይ ይሆንና አብጦ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። የቤቱ ቧንቧ የሚያልፈው ደግሞ በእኛ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ላንድሌዲዋ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ ወረደች። ደስ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አልፋኝ ሄዳ ቧንቧው ላይ ጠቅልላ በገመድ አሰረችው።

"ለእኛስ?" አልኳት።

"ሰው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይፈነዳም" አለችኝ።

በጥር ደምሴ የቆላ ወባው ተነሳበት። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ነጠላዬን፣ ካፖርቱን፣ የከሰል ጆንያውን ሁሉ ብደራርብበት አልሞቀው አለ። ገመዱን ፈታሁና ብርድ ልብሱን ከቧንቧው ላይ ገፍፌ አለበስኩት። ቧንቧው ከፈነዳ ደግሞ ላንድሌዲዋ በዚያ ብርድ መንገድ ላይ ትጥለናለች! ሮጬ ከጎረቤታችን ከጋሪ ነጂው የፈረስ ጋጣ ጭድ ለመንኩ። ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች በጭድ ሸፍኜ በጆንያው ጠቅልዬ አሰርኩት፤ ነፋስ የሚገባበትንም ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኩ።

ጠዋት የጎረቤቶቹ ቧንቧ ደርቆ የእኛ ውሃ ኮለል እያለ ወረደ። ላንድሌዲዋ መጥታ ጭዱን ዳሰሰች። ስድቧን ስጠብቅ ፈገግ አለች።

"ይሄ ይሻላል። እንግዲያው ብርድ ልብሴን መልሺልኝ።"

"ታሞ እያየሽው?"

"እኔ ያዋስኩት ለቧንቧው ነው" አለችና ከደምሴ ላይ ገፍፋ ወሰደችው።

መንቀጥቀጡ እስኪያልፍለት በገላዬ አቅፌ አሞቅሁት። ትኩሳቱ ሲለቀው ዐይኑን ገልጦ፣ "አገራችን እንግባ" አለኝ።

"ቤታችን ውስጥ ጣሊያን ተኝቷል" አልኩት።

"እሱንም ወባ ይይዘው ይሆን?"

"ይይዘዋል እንጂ!"

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይህን ጊዜ መተማ ማሽላ ይታጨዳል። የእኛን መሬት ማን እንደዘራው፣ ማን እንደሚያጭደው የሚነግረን ሰው የለም።