ደስታ እንስራ ስታሸክመኝ

በቀደም ነቀምቴ አጠገብ ወዳለችው ጉቴ ስሄድ፣ ምንጭ ዳር አንዷ ኮረዳ ሌላዋን ጀሪካን ስታሸክማት አየሁ። የተረገጠ ሳማ ሸተተኝና እግሬ ቆመ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ነቀምቴ ልጃገረድ ሳለሁ፣ ውሃ አብራን የምትቀዳ ደስታ የምትባል ታላቃችን ነበረች። ሁልጊዜ እንስራዬን አንስታ የምታሸክመኝ እሷ ነች፤ እናቶች “ወይ ደግ ልጅ!” ይሏታል። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ የያዘችውን ሳማ በቀሚሴ አንገት ጀርባዬ ላይ ትወትፍብኛለች። በጆሮዬም “ትንፍሽ ብትዪ ነገ ፊትሽን ነው” ትለኛለች። እንስራዋ በከበደችኝ ቁጥር ሳማው ሥጋዬ ውስጥ ይገባል። የእናቴ እንስራ አንድ ብቻ ናትና መጣል አልችልም።

አንድ ቀን እንስራዋን ጣልኳት። ስባሪዋን አንስቼ የደስታን ግንባር ፈነከትኩት። ወድቃም አልተውኳትም፤ ደሟ ምንጩን እስኪያቀላው ደጋገምኳት። ሴቶቹ “አንቺ አውሬ! ባሸከመችሽ?” እያሉ በእርጥብ ልብስ ገረፉኝ።

ጎረቤታችን አሮጊቷ አዴ ደሚቱ ብቻ ቤታቸው አስገብተው ቀሚሴን ገለጡ። ያበጠውን ጀርባዬን ቅቤ ቀቡት።

“አዴ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ” አልኳቸው።

“ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የተቃጠለ ጀርባ ልብስ ይሸፍነዋል። የተፈነከተ ግንባር ግን ገበያ ይወጣል። ማን ያምነናል?”

በቀደም ታዲያ ወደ ሁለቱ ኮረዶች ቀረብ ብዬ ከጀሪካኑ ሥር ወደ ተሸካሚዋ ጀርባ እጄን ሰደድኩ።

“እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?” አለችኝ አሸካሚዋ እየሳቀች።

ተሸካሚዋም ሳቀች። ጀርባዋ ግን ከእጄ ሸሸ።