መያዝ ክልክል ነበር

የረጠበ ጆንያ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ እጄ ወደ ጉሮሮዬ ይሄዳል። ዲላ ደግሞ ጆንያ የማይሸትበት ሰፈር የለም፤ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ስዳብስ ብታየኝ አትገረም።

ቴኳንዶ የተማርነው የአንድ ነጋዴ ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ምንጣፋችን ጆንያ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን አቧራው እየጨሰ፣ አሰልጣኛችን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል። "እግር! እግር! የሚጓተት ወደ ሰፈሩ ይሂድ!" ለሱ ከቴኳንዶ ሌላው ሁሉ የሰካራም ግብግብ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፣ እግሬ ከሁሉም በላይ ይወጣል፤ ልቤም አብጦ ነበር።

ጓደኛዬ ከዱመርሶ ለትምህርት የመጣች፣ ከወንድሞቿ ጋር እየታገለች ያደገች ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ስንገጥም የሰነዘርኩትን እግር ብብቷ ሥር ቆልፋ ጆንያው ላይ ዘረረችኝ። አሰልጣኙ "መያዝ ክልክል ነው!" ብሎ አበደ።

"እግሩን ያዝኩ፣ ወደቀ። ጥፋቱ ምኑ ነው?" አለችው። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የለመደችው፤ በሷ አማርኛ እኔ ሴቷ ሁልጊዜ ወንድ ነበርኩ።

እሱም ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ተናገሪ። ጥፋት ነው፣ አይደለም?"

ጓደኛዬ አየችኝ። እኔ ግን የመውደቄ ንዴት አልበረደልኝም። "ጥፋት ነው" አልኩ። ቀበቶዋን አስፈትቶ አባረራት። አላኮረፈችኝም። ይልቅ ሰኞ ዕለት "ሰው አንቆ ሲይዝህ ምን እንደምታደርግ ላሳይህ?" ስትለኝ ሳቅኩባት።

ቡና ሲደርስ ኢዲዶ ገጠር የምትኖረው አክስቷ ጋ ወሰደችኝ። ከሰዓት በኋላ በቡና መፈልፈያው ጓሮ ስናልፍ ሁለት የጠጡ ሰዎች መንገዱን ዘጉብን፤ አንደኛው ሻርፔን ጨምድዶ ያዘ። ደስ ያለኝ ሁሉ ይመስለኛል። እግሬን ፊቱ ላይ ሰነዘርኩ።

መሬቱ ግን በቀይ ቡና ልጣጭ ተሸፍኖ ነበር። የቆምኩበት እግር ከዳኝና በጀርባዬ ወደቅኩ። ሰውዬው ደረቴ ላይ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ከመፈልፈያው የተደፋው ውኃ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ሁለት ዓመት ያሠለጠንኳቸው እግሮቼ ባዶውን ይራገጣሉ። ዓይኔ ጨለመ።

ድንገት እጁ ላላ። ጓደኛዬ ከኋላው ክንዷን አንገቱ ላይ ጠምጥማ ጎትታ ጣለችው። ሲወድቅ አፍንጫው ከቡና ማጠቢያው የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። ሌላኛው ዱላ አንስቶ መጣ። ጭንቅላቷ ላይ የሰነዘረውን በቀኝ እጇ መከተች፣ የእጇ አንጓ ቀው ሲል ሰማሁ። ሊደግማት ዱላውን ሲያነሳ ተንፏቅቄ ባቱን ነከስኩ። ደሙ አፌን ሞላው። ሠራተኞቹ ሮጠው ደርሰው ሲያላቅቁኝ እንኳ ጥርሴ አልከፈት አለ።

ወጌሻው እጇን ቢያሽም ጠሞ ቀረ። ጣቶቿ ከዚያ በኋላ አልተጨበጡም። እስከ ዛሬ ቡና የምትለቅመው በግራ እጇ ነው። ምስጋና ብዙ ጊዜ አመስግኛታለሁ፤ ያን የመጋዘን ቃሌን ግን መልሼ ማንሳት አፈርኩ።

አሁን ዲላ ውስጥ ሴቶች አሠለጥናለሁ። መጀመሪያ የማስተምረው አወዳደቅ ነው፣ ከዚያ ከመታነቅ መውጣት፣ ከዚያ እግር። መንከስም አለ፤ ይስቁብኛል። አምና ጓደኛዬ ሴት ልጇን ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ በመጀመሪያው ሳምንት የእኔን ጎበዝ ተማሪ እግር ቆልፋ ጣለችና ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች።

"ጥፋት ነው እንዴ?"

"አይደለም" አልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ። "ያኔም ጥፋት አልነበረም።"

ልጅቷ ምኑም አልገባት። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለማጨብጨብ ሁለቱን እጆቿን አነሳች፤ የቀኙ እንቢ ሲላት፣ በግራዋ ጭኗን መታ መታ አደረገች።